አሥራ ሁለተኛው ተሰላፊ
የስፖርት ደጋፊ ታሪክ በአዘዞና በጎንደር

የስፖርት ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በተጫዋቾች ስምና በግቦች ቁጥር ነው። ማን አገባ፣ ማን አሠለጠነ፣ ዋንጫውን የትኛው ቡድን ወሰደ የሚለው በመዝገብ ይሰፍራል። በሜዳው ዳር ቆሞ ድምፁን ያሰማው፣ በዝናብና በፀሐይ ወገኑን ያልከዳው፣ ቡድኑ ሲሸነፍ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ የሄደውና በሳምንቱ ደግሞ ተመልሶ የመጣው ሰው ግን ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ይሁን እንጂ ጨዋታን ከተራ ልምምድ ለይቶ የኅብረተሰብ ባህል የሚያደርገው ይኸው ስሙ ያልተጻፈው ሰው ነው። ተመልካች የሌለው ግጥሚያ ውጤት ይኖረው ይሆናል፤ ትዝታ ግን አይኖረውም።

በአገራችን የኳስ ሜዳ ቋንቋ ደጋፊ «አሥራ ሁለተኛው ተጫዋች» ይባላል። ይህ አባባል በሌላውም ዓለም ይነገራል፤ ከታወቁት መነሻዎቹ አንዱም የኮሌጅ ስፖርት ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. መባቻ ላይ የአሜሪካው የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ቡድን ዳላስ ከተማ ውስጥ ከሴንተር ኮሌጅ ጋር ሲጋጠም ተጫዋቾቹ በጉዳት እየተመናመኑ ሄዱ። በዚህ ጊዜ አሠልጣኙ በተመልካች መካከል የነበረውን ኪንግ ጊል የተባለ ተማሪ ጠርተው የቡድኑን ልብስ አስለበሱት። ተማሪው እስከ ፍጻሜው ድረስ በሜዳው ጠርዝ ላይ ተዘጋጅቶ ቆመ፤ ነገር ግን ሳይሰለፍ ግጥሚያው በቡድኑ አሸናፊነት አበቃ። የኮሌጁ ተማሪዎች ከዚያ ወዲህ ቡድናቸው በሚጫወትበት ጊዜ ሁሉ ቆመው ይመለከታሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ተማሪው አንድም ነጥብ አለማስቆጠሩ ነው። ስሙን ያቆየለት ተዘጋጅቶ መቆሙ ብቻ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ታማኝነት በጎንደርና በአዘዞ ምድር ምን መልክ ነበረው? ከየት ተነሣ፣ በምን ተፈተነ፣ ዛሬስ ምን ይጠብቀዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ከስታዲየሙ በፊት ወደ ነበረው ሜዳ መመለስ ያስፈልጋል።

አዘዞ፦ የጎንደር በር

አዘዞ ከጎንደር መሐል ከተማ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከጎንደር ከተማ አስቀድሞ የታወቀች ሥፍራ ናት። እስከ 1624 ዓ.ም የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ የገነተ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት፣ የአትክልት ሥፍራና የውሃ ገንዳ ያበጁት በዚሁ ነበር። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላም አዘዞ ክብሯን አላጣችም፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና የእጨጌው መቀመጫ በመሆን በተክለ ሃይማኖት ስም ታወቀች።

በዘመናዊው ታሪክም አዘዞ የመተላለፊያ በር ሆና ቀጥላለች። በጠላት ወረራ ጊዜ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በአዘዞ ሜዳ ይጠቀሙ ነበር። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም በጎንደር የነበረው የመጨረሻው የኢጣልያ ጦር እጁን ከሰጠ በኋላ የአውሮፕላን ማረፊያውም፣ የጦር ሠፈሩም ለአዘዞ ኑሮ መልክ ሰጥተዋል። ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድና ከመተማ የሚወጣው መንገድ የሚገናኙት በአዘዞ ነው። በአየር የመጣም በአዘዞ ይወርዳል። በመሆኑም ወደ ጎንደር ለግጥሚያ የሚመጣ እንግዳ ቡድን ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የአዘዞን ሰው ነው። የጎንደር ቡድን ወደ ሌላ አገር ሲሄድ የመጨረሻውን ስንብት፣ ሲመለስም የመጀመሪያውን ሰላምታ የሚያገኘው ከአዘዞ ነው። ቡድን በድል ሲገባ እልል ማለት ለማንም አይከብድም፤ ተሸንፎ በሌሊት ሲገባ በመንገድ ዳር የሚቆም ሰው ግን ጥቂት ነው። የበር ሰው ሁለቱንም ያያል።

ሚና መለየት

የድጋፍ ባህል ከእግር ኳስ ጋር ከውጭ የመጣ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በደጋው አገር ኳስ ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት ገናና ጉግስ ነበሩ፤ በሁለቱም ዘንድ ተመልካቹ የጨዋታው አካል ነበር።

የገና ጨዋታ በልደት በዓል ሰሞን በሰፊ ሜዳ ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ ጫፉ በቆለመመ በትር ሩሯን እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ዳርቻ ማድረስን ይጠይቃል። ሁለት መንደር ወይም ሁለት አጥቢያ ይገጥማል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ ይህም ሚና መለየት ይባላል። ዛሬ በፖለቲካም ሆነ በኪነ ጥበብ ቋንቋ ዘወትር የሚነገረው «ሚና» የተባለው ቃል በገና ሜዳ ላይ ወገንን የሚያመለክት ነበር። ሚናውን የለየ ሰው ጨዋታው እስኪያበቃ ድረስ ከወገኑ አይለይም። ሩሯ ወደ ራሱ ወገን ዳርቻ ስትጠጋ ወደ ሌላው ጎራ የሚዛወር ቢኖር መሳቂያ መሆኑ አይቀርም። የታማኝ ደጋፊ ትርጉም በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ተቀምጧል ማለት ይቻላል።

የገና ሜዳ ሌላም ትምህርት አለው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው የቆየ ተረት ሜዳው ማዕረግ የማይገባበት መሆኑን ይናገራል። ሎሌው የጌታውን እግር በበትር ቢመታ፣ ተሸናፊው በአሸናፊው ቢዘለፍ፣ ነገሩ የሚያበቃው በጨዋታው ፍጻሜ ነው። በጨዋታው ማለቂያ ላይ የአሸናፊው ወገን ተመልካቾች ተሸናፊውን በግጥም ይሸነቁጡታል፤ የባላባቱ ንፍገት፣ የዳኛው አድልዎ፣ የጎረቤቱ ስንፍና ሁሉ በዚያ ቀን ይነገራል። ደጋፊው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዘላፊም ነው፣ ተዘላፊም ነው። ዘለፋው በግጥም መሆኑና ቂም አለመያዙ ጠብ እንዳይሆን ይጠብቀዋል።

ጉግስ ደግሞ የፈረሰኛ ጨዋታ ነው። ፈረሰኞች በየተራ ይሳደዳሉ፤ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፣ ተሳዳጁ በጋሻው ይመክታል። በጥምቀት ሰሞንና በሌሎችም የንግሥ በዓላት ሜዳውን ከብቦ የሚቆመው ሕዝብ ፈረሰኛውን የሚያወድሰው በፈረሱ ስም ጭምር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በዚህ ልማድ ነው። በጎንደር ከፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ያለው ክብ ሕንፃ በትውፊት የዞብል የተባለው ፈረስ መቃብር መሆኑ ይነገራል፤ ይህም ለፈረስና ለፈረሰኛ የሚሰጠው ክብር ምን ያህል እንደነበረ ያሳያል። አቅራሪው ሲያቅራራ፣ ሸላዩ ሲሸልል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ለፈረሰኛው ጉልበት ይጨምሩለታል፤ ወደ ኋላ እንዳይልም ያሳፍሩታል። ውዳሴ ስጦታ ብቻ ሳይሆን አደራም ነው። የተወደሰ ሰው የተወደሰበትን ሥራ ደግሞ መሥራት ይጠበቅበታል። ዛሬ በስታዲየም ለአጥቂው ስም የሚያወጣለትና በሽለላ ዜማ የሚጠራው ወጣት የዚህ ሥርዓት ወራሽ ነው።

ኳስና ትምህርት ቤት

እግር ኳስ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው በተለይ በትምህርት ቤት በር ነው። በአዲስ አበባ በውጭ አገር ተወላጆች መካከል ይታይ የነበረውን ጨዋታ የወረሱት የዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። በ1928 ዓ.ም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በአራዳ ሲመሠረት ከመሥራቾቹና ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾቹ መካከል ተማሪዎች ይገኙበት ነበር። ወዲያው የመጣው የፋሺስት ወረራ የኳስ ሜዳውንም በዘር ከፋፈለው፤ ኢትዮጵያውያን ከነጮች ቡድን ጋር እንዳይጫወቱ ተደረገ። ከነፃነት በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፎርቲቱዶ የተባለውን የኢጣልያኖች ቡድን ሲያሸንፍ በሜዳው ዳር የቆመው ሕዝብ የጮኸው ለግብ ብቻ አልነበረም። በወረራው ዘመን በሜዳ ላይ ለተነፈገው እኩልነት ጭምር ነበር።

በዚያ ትውልድ መካከል ይድነቃቸው ተሰማ ይገኛል። ይድነቃቸው የዝነኛው ባለቅኔና ዘፋኝ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ነው፤ አባቱ ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። የአዝማሪው ጥበብና የኳሱ ጥበብ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ አባትና ልጅ መገናኘታቸው ለዚህ ታሪክ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ይድነቃቸው ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የስፖርት መሪ ሆኖ ሠርቷል። በ1949 ዓ.ም በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከአራቱ መሥራች አገሮች አንዷ ነበረች፤ ይድነቃቸውም ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ በ1979 ዓ.ም እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ይህን ድርጅት በፕሬዚዳንትነት መርቶ የዘር መድልዎ ሥርዓት የሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ ከውድድር እንድትርቅ ታግሏል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ስታዲየም የተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ለደጋፊ ታሪክ ታላቅ ምዕራፍ ነው። ጥምቀት በተከበረ በሁለተኛው ቀን ሕዝቡ ስታዲየሙን ሞላው። የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ቡድን ሁለት ጊዜ መራ፤ የኢትዮጵያ ቡድን ሁለት ጊዜ አቻ አደረገ። በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ደግሞ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገቡ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለው ግጥሚያው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ መነሣት የተጫዋች ጉልበት ብቻ አይደለም፤ በሁለተኛው ግብ ጊዜ ስታዲየሙን ጥሎ ያልወጣው ሕዝብም ድርሻ አለው።

የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞችም በዚህ ባህል ውስጥ ሥፍራ ነበራቸው። በ1943 ዓ.ም በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ «የኮሌጅ ቀን» የሚባል ዓመታዊ በዓል ይከበር ነበር። በዚህ በዓል ስፖርትና ግጥም ጎን ለጎን ይቀርቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለው ግጥም የተነበበውና ብዙ ያነጋገረው በዚሁ የኮሌጅ ቀን ነው። የጉልበት ውድድርና የቃል ውድድር በአንድ ቀን መዋላቸው በገና ሜዳ የነበረው ሥርዓት በአዲስ ልብስ መመለሱ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሁለቱም ዘንድ ተጫዋቹ ይሮጣል፣ ተመልካቹ ይገጥማል፣ በጨዋታ ስም እውነት ይነገራል።

ጎንደርም በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተባት። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር የሚወጡበት ይህ ተቋም ኋላ የሕክምና ኮሌጅ፣ በ1996 ዓ.ም ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ ተማሪ ወደ ጎንደር ሲገባ የራሱን መንደር ትዝታ ይዞ ይመጣል፤ በጥቂት ዓመታት ቆይታው ግን የከተማውን ቡድን ወገኔ ይላል። ተመርቆ ሲሄድም ያንን ወገንነት ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የስፖርት ሳይንስን በትምህርትነት ይሰጣል፤ ይህም አሠልጣኝነት በልምድ ብቻ ሳይሆን በጥናት የሚገኝ ሙያ መሆኑን ደጋፊው ጭምር እንዲረዳ የሚያግዝ ነው።

ፋብሪካውና ነዋሪው

የጎንደር ዋነኛ የእግር ኳስ ክለብ የሆነው ፋሲል ከነማ በ1960 ዓ.ም ተመሠረተ። «ከነማ» የሚለው ስያሜ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሚለው የተውጣጣ ምሕጻረ ቃል ሲሆን፣ በ1967 ዓ.ም ከተደረገው የከተማ አደረጃጀት ለውጥ በኋላ በብዙ የአገራችን ቡድኖች ስም ላይ የተለመደ ነው። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ክለቦች «ከነማ» የሚለውን «ከተማ» በሚለው ለውጠዋል፤ ፋሲል ግን አቆይቶታል። በዚህም ነዋሪው በክለቡ ስም ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ደጋፊዎቹ ቡድናቸውን «ዐፄዎቹ» ብለው ይጠሩታል፤ የሚጫወትበትም ስታዲየም በዐፄ ፋሲለደስ ስም የተሰየመ ነው።

ጎንደር ግን አንድ ክለብ ብቻ አልነበራትም። በከተማዋ የተቋቋመው የዳሸን ቢራ ፋብሪካ የራሱን ቡድን አደራጅቶ እስከ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አድርሶ ነበር። በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ስም የሚቋቋም ክለብ በአገራችን ስፖርት ውስጥ ረጅም ታሪክ አለው፤ ለብዙ ተጫዋቾችም ደመወዝ፣ ሥራና ክብር ሰጥቷል። የዚህ አደረጃጀት ጥቅሙ በጀቱ አስተማማኝ መሆኑ ነው። ድካሙ ደግሞ የክለቡ ዕድሜ በደጋፊው ፍቅር ላይ ሳይሆን በአንድ ድርጅት ውሳኔ ላይ መንጠልጠሉ ነው።

የሁለቱ ክለቦች ዕጣ በአንድ ዓመት ተለዋወጠ። በ2008 ዓ.ም ዳሸን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ፋሲል ከነማ ከከፍተኛ ሊጉ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። የፋብሪካው ቡድን ብዙም ሳይቆይ ከውድድር መድረክ ጠፋ፤ የነዋሪው ቡድን ግን ሥሩን እየሰደደ ሄደ። ፋሲል በታችኛው እርከን ሲደክም በነበረባቸው ዓመታት የበለጠ ዝና ያለው ቡድን በዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። ዋንጫና ዝና ብቻ የሚፈልግ ደጋፊ ሚናውን መለወጥ ይችል ነበር፤ አጠገቡ በፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ቡድን ስለነበረለት ከከተማው እንኳ መውጣት አያስፈልገውም ነበር። ፋሲልን እስከ ዕድገቱ ቀን ድረስ ያቆየው በእነዚያ ዓመታት ሚናውን ያልለወጠው ሰው ነው።

አሠልጣኙና ደጋፊው

በስፖርት ዓለም ከአሠልጣኝ ይልቅ ለብቸኝነት የተጋለጠ ሙያተኛ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ተጫዋቹ በትከሻ ይወሰዳል፤ ሲሸነፍ አሠልጣኙ ይጠየቃል። የደጋፊ ታማኝነት የሚለካውም ለአጥቂው በሚያጨበጭበው ጭብጨባ ሳይሆን ለአሠልጣኙ በሚሰጠው ጊዜ ነው። ቡድን እንደ እርሻ ነው፤ ዘርቶ በሳምንቱ አጨዳ የሚጠይቅ ገበሬ የለም።

የፋሲል የቅርብ ዘመን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም ቡድኑ በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ ለሊጉ ዋንጫ ተፎካክሮ ዋንጫውን መቀሌ 70 እንደርታ ወሰደ፤ ፋሲል ግን በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ። ውበቱ ኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ተረክቦ ኢትዮጵያን ከስምንት ዓመታት በኋላ በ2014 ዓ.ም በካሜሩን ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አበቃት። በፋሲል የተካው አሠልጣኝ ሥዩም ከበደ ነው። የመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ፤ የደከመበትን ሳያጭድ ዓመቱ ባከነ። በቀጣዩ ዓመት በ2013 ዓ.ም ግን ያሬድ ባዬን፣ ሱራፌል ዳኛቸውንና ሙጂብ ቃሲምን የመሳሰሉ ተጫዋቾች የተሰለፉበት ቡድን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ከአንድ አሠልጣኝ ወደ ሌላው የተላለፈውን ሥራ በመካከል ተሸክሞ ያሻገረው የተጫዋቾቹ ጽናትና የደጋፊው ትዕግሥት ነው።

ድጋፍ ያለ ሜዳ

ይሁንና ይህ ድል በዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም አልታየም። ከወረርሽኙ ወዲህ የሊጉ ግጥሚያዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ብቻ እንዲካሄዱ ተደርጎ፣ ጨዋታውም በቴሌቪዥን ወደ ሕዝብ መድረስ ጀመረ። አንድ ከተማ ሃምሳ ዓመት ያህል የጠበቀው ዋንጫ ከሜዳው ርቆ ተገኘ። ደጋፊው ድሉን የተመለከተው በየቤቱና በየቡና ቤቱ በመስኮት ብርሃን ውስጥ ተሰብስቦ ነው።

በአህጉር ደረጃም ተመሳሳይ ፈተና ነበር። ፋሲል በአፍሪካ ውድድር የሜዳው ግጥሚያዎች ወደ ባሕር ዳር ስታዲየም ይዛወሩ ነበር። በ2011 ዓ.ም ክረምት የታንዛኒያውን አዛምን በባሕር ዳር 1 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ በ2014 ዓ.ም መባቻ ደግሞ በሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ሲገጥም የጎንደርና የአዘዞ ደጋፊ ጨዋታውን በስታዲየም ለማየት ወደ ደቡብ ይጓዝ ዘንድ ግድ ነበር። ከአል ሂላል ጋር የነበረው ግጥሚያ በባሕር ዳር 2 ለ 2፣ በኦምዱርማን 1 ለ 1 ሆነ። ፋሲል አንዱንም ግጥሚያ ሳይሸነፍ ተጋጣሚው ከሜዳው ውጭ ባስቆጠራቸው ግቦች ብልጫ ከውድድሩ ወጣ። ሳይሸነፉ መውደቅ ከሽንፈት ሁሉ ይመራል፤ የደጋፊን ትዕግሥትም ከሌላው ሽንፈት ይልቅ ይፈትናል።

ሜዳ ማጣት ለደጋፊ ቀላል ጉዳት አይደለም። ሽለላው በሰው መካከል ይማሩታል እንጂ በቴሌቪዥን አይማሩትም። ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ የሰማውን ዜማ ነው አድጎ የሚያወጣው። የአንድ ትውልድ ሕፃናት ቡድናቸውን በሜዳቸው ሳያዩ ሲያድጉ የሚቋረጠው የትኬት ገቢ ብቻ አይደለም። ከገና ሜዳ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የቃል ቅርስም አብሮ ይቋረጣል።

ከዚህ ጋር ሊታይ የሚገባው ሌላ ገጽታ አለ። ሜዳ ያጣ ደጋፊ እንዳለ ሁሉ ሜዳ ያበላሸ ደጋፊም ነበር። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም በወልድያ ሊካሄድ የነበረው የወልድያና የመቀሌ ከተማ ግጥሚያ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። በዚያን ጊዜ ከሜዳ ውጭ የተጠራቀመ ቂም ወደ ሜዳ ገባ፤ የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች በየሜዳቸው እንደ ልማዱ መገናኘት አልቻሉም። ይህ ከገና ሜዳ ሕግ ፈጽሞ የራቀ ነው። በገና ሜዳ ሚና የሚለየው ለጨዋታው ሰዓት ብቻ ነው፤ ሩሯ ስትቆም ወገኖቹ ተመልሰው ጎረቤት ይሆናሉ። ሚናውን ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባ፣ ዘለፋን ከግጥም ወደ ድንጋይ የሚለውጥ ሰው ደጋፊ ሊባል አይገባውም። ታማኝነት ያለ ጨዋነት ጭፍንነት ይሆናል።

ጨዋነት የጎደለበትን ደጋፊ ታሪክ እንደሚያስታውስ ሁሉ ጽናት ያሳየውንም ያስታውሳል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም፣ የ1954ቱ ድል በተገኘ በ51ኛ ዓመቱ በዚያው ዕለት፣ ኢትዮጵያ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ተጋጥማ ነበር። ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰውን ቡድን ለማየት በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስታዲየሙን በባንዲራ አለበሱት። በረኛው በቀይ ካርድ ሲወጣ በተመልካቹ መካከል ቁጣ ተነሥቶ ወደ ሜዳ ዕቃ የወረወረም ነበር። ቡድኑ ግን በአሥር ሰው አቻ ሆኖ ወጣ፤ አቻ ያደረገው አዳነ ግርማ ነው። በሚቀጥለው ግጥሚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ቢሸነፍም ደጋፊው ባንዲራውን አላጠፈም። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ቡድኑን ሲደግፍ የሚደግፈው አሥራ አንድ ሰዎችን ብቻ አይደለም፤ የመጣበትን ደጃፍ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ታሪክ የሚያስረዳው የስፖርት ደጋፊነት በጎንደርና በአዘዞ በድንገት የበቀለ አለመሆኑን ነው። ከገና ሜዳ ሚና መለየትን፣ ከጉግስ ሜዳ ማወደስንና ማሳፈርን፣ ከትምህርት ቤት ሜዳ መተባበርን ወርሷል። በታችኛው እርከን በቆየባቸው ዓመታት ከቡድኑ ጋር በመቆየት ተፈትኗል፤ ድሉ ከሜዳው ውጭ በመጣ ጊዜም ተፈትኗል። በሁለቱም ፈተና ያለፈው ደጋፊ ባለ ድርሻ እንጂ ተመልካች ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ይህን ቅርስ መጠበቅ የክለብ ጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም። መምህሩ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተማሪዎቹን ሲያጋጥም የገናን ሕግ፣ ማለት ሚናን ለይቶ ቂምን መተውን፣ ከኳሱ ሕግ ጋር አብሮ ሊያስተምር ይገባዋል። የኪነ ጥበብ ሰው በስታዲየም የሚወለደውን ሽለላና ዜማ እንደ ማንኛውም የሕዝብ ሥነ ቃል ሊሰበስበውና ሊመዘግበው ይገባል፤ ደራሲው ሳይታወቅ በአንድ ከሰዓት ተወልዶ በሳምንቱ የሚጠፋው ግጥም ብዙ ነውና። የአስተዳደር ሰው ደግሞ ሜዳን ማደስና ግጥሚያን ወደ ነዋሪው መመለስ የባህል ሥራ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።

የቡድኑ መኪና በአዘዞ በኩል ሲገባ ዋንጫ ይዞ ይሁን ባዶ እጁን ይሁን አስቀድሞ አይታወቅም። በመንገዱ ዳር የሚቆመው ሰው ይህን እያወቀ ይቆማል። የአሥራ ሁለተኛው ተሰላፊ ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ተጠርቶ ባይሰለፍም እንኳ ልብሱን ለብሶ እስከ ፍጻሜው መቆም ነው።